ለዲያብሎስ ዕርቅ የለመነችው መነኩሲት

ደብረ ታቦር ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ ሀገር የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍም ከዚያ ወጥቶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ገደል ወርዶ ገደል ወጥቶ መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዋን አቃጥለዋት ሄዱ። ከእርሳቸው በፊት የየጁ ራሶች፣ ከእርሳቸው በኋላ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ ተቀምጠውባታል። ስለ ጦርና ስለ ሹመት የሚጽፍ ሰው ደብረ ታቦር ላይ ወግ አያጣም።

የከተማዋ ስም ግን ከመድፍ ጋር ዝምድና የለውም። ታቦር ክርስቶስ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ተራራ ነው። ጴጥሮስ በዚያ ብርሃን መካከል ቆሞ ሦስት ዳስ ሠርተን እዚሁ እንኑር አለ። በእሱ ቦታ ሆኖ ይህን የማይል ማን አለ? ወንጌሉ ግን ተራራው ላይ አያበቃም። ሲወርዱ አንድ አባት፣ አንዴ እሳት ውስጥ አንዴ ውኃ ውስጥ የሚወድቅ በሽተኛ ልጁን ይዞ ይጠብቃቸዋል። ሰው ከዓለም ተለይቶ ወደ ተራራ የሚወጣው ራሱን ለማዳን ነው ወይስ ከታች ለቀረው ሰው ሲል? ስለ ምናኔ የተነሣው ክርክር ሁሉ መጨረሻው ይኸው ነው። ለዚህ ጥያቄ በደቡብ ጎንደር ምድር አንዲት ሴት ከሰጠችው መልስ የበለጠ ደፋር መልስ አላውቅም።

ከደብረ ታቦር ወደ ምዕራብ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ወረታ ላይ ከጎንደር መንገድ ጋር ይገጥማል። ወደ ባሕር ዳር ታጥፎ የፎገራን ሜዳ ካቋረጠ በኋላ ደራ ወረዳ፣ ሐሙሲት ይደርሳል። ከዚያ ወደ ጣና ዳርቻ ሲኬድ ጓንጉት አለች፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረችው ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ የጸለየችባት ገዳም ናት።

ታሪኳ የሚጀምረው በጭካኔ ነው። ሸዋ ውስጥ ቡልጋ ተወልዳ፣ ለባል ተድራ፣ ልጆች ወልዳ፣ ብዙ አገልጋይ ያላት የደኅና ቤት እመቤት ሆና ትኖር ነበር። አንድ ቀን ከአገልጋዮቿ አንዷ አስቆጣቻት። እመቤቲቱ ከምድጃ ትንታግ አንሥታ በልጅቱ አፍ ከተተችባት፤ ልጅቱም ሞተች። ይህን ክፍል በጥድፊያ አልፎ ወደ ተአምሩ የሚሮጥ ተራኪ ብዙ ነው። ለእኔ ግን ያለዚህ ክፍል የኋላው ሁሉ ትርጉም ያጣል። በዚያ ዘመን አንዲት ባለጸጋ በገረዷ ላይ ስላደረገችው ነገር ጠያቂ ዳኛ በቀላሉ አይገኝባትም። ሬሳውን አስቀብራ፣ ንስሐ አባቷ ያዘዟትን ጾማ፣ እንደ ቀድሞዋ መኖር ትችል ነበር። እሷ ግን መሬት ላይ ወድቃ ስለ ልጅቱ ለመነች፤ ልጅቱ ብትነሣልኝ ይህን ዓለም ትቼ እወጣለሁ ብላ ተሳለች። ልጅቱ ተነሣች፤ እመቤቲቱም ቃሏን ጠብቃ ቤቷን ትታ ወጣች። መጀመሪያ ደብረ ሊባኖስ ገብታ መነኰሰች፤ ከዚያ ወደ ጣና መጥታ በኣቷን ጓንጉት አደረገች።

እዚያ የሠራችው ተጋድሎ ለዛሬ ሰው ጆሮ ይከብዳል። ባሕሩ ውስጥ ገብታ 12 ዓመት ቆማ እንደ ጸለየች፣ ሥጋዋ ተበስቶ ዓሦች እስኪያልፉበት ድረስ እንደ ደረሰች ይተረካል። በጣና ዳር ያደገ ሰው የክረምቱን ብርድ ስለሚያውቀው ይህን ሲሰማ ትከሻውን ይሰብቃል። ቁጥሩን በሰዓት ቈጣሪ ዓይን የሚመረምር አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ገድል ግን እንደዚያ አይነበብም። እኔን የሚገርመኝ ውኃው ውስጥ መቆሟ ሳይሆን ቆማ የለመነችው ነገር ነው።

ገድሏ እንደሚለው ክርስቶስን ከዲያብሎስ ጋር ታረቅ ብላ ለመነችው። ምክንያቷም የእናት ምክንያት ነው፦ የአዳም ልጆች የሚሳሳቱትና የሚሠቃዩት በእሱ ተንኮል ስለሆነ እሱ ከታረቀ እነሱም ያርፋሉ። ልመናዋ አልተነቀፈባትም። እሺ ካለሽ ሄደሽ አምጪው ተባለች፤ ቅዱስ ሚካኤልም አብሯት ሄደ። ሲኦል ደጃፍ ቆማ ጠራችው፤ የዕርቁን ነገር ነገረችው። ዲያብሎስ ግን የመጣችው እሱን ፍለጋ መሆኑን ሲሰማ በንዴት እጇን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታት። ሚካኤል በሰይፉ ባይደርስላት እዚያው ቀርታ ነበር። ስትወጣ ግን ብቻዋን አልወጣችም፤ እልፍ ነፍሳት ተከትለዋት ወጡ።

እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበለው። የሄደችበት ጉዳይ አልተሳካም፤ ዲያብሎስ ዕርቁን እንቢ ብሏል። በእኛ ሀገር ሽምግልና ልማድ ቢሆን ሽማግሌዋ ተዋርዳ ተመለሰች ይባል ነበር። ያተረፈችው ነገር ቢኖር ጭራሽ ያልጠየቀችውን ነው። አንዲት ገረድ ስላስቆጣቻት የገደለች ሴት፣ በመጨረሻ ጥላቻ የተገባው ነው ተብሎ ሁሉ የተስማማበትን አካል እንኳ መጥላት አቃታት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው ገዳሟ። የምናኔዋ ዓመታት የተሠራባቸው ሥራም ይኸው ይመስለኛል።

ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1956 ገድሏን ከነጣሊያንኛ ትርጉሙ አሳትሞታል። ከዚያ ወዲህ የውጭ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈውበታል። እኛ ዘንድ በአብዛኛው የሚታወቀው በዓሏን በሚያከብር ምእመን አፍ ነው፤ በትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፍ ግን ከእሷ ይልቅ መድፉን ነው የተማርነው።

ማንንም የማይተው እንዲህ ያለ ልብ በሌላ ሀገርም ይፈለጋልና አሁን ወደ ምሥራቅ እንሻገር። በቡድሃ ተከታዮች ዘንድ፣ በተለይ በማሃያና ወገን፣ ቦዲሳትቫ የሚባል ሰው አለ። ቦዲሳትቫ ከመከራ አዙሪት ለመውጣት ቢቃረብም ሌላው ሁሉ ሳይወጣ ብቻዬን አልወጣም ብሎ ስእለት የገባ ነው። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ሕንድ በናላንዳ ገዳም የኖረው ሻንቲዴቫ የዚህን መንገድ ሥርዓት ጽፎ ትቷል። ለበሽተኛ ሐኪምም መድኃኒትም መሆን፣ ወንዝ ለሚሻገር ታንኳ መሆን የእሱ ምኞት ነበር። የዚህ መንገድ ተከታዮች ይህን ልብ ለማግኘት ሱባዔ ይገባሉ። በቲቤት ልማድ ትልቁ ሱባዔ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ይፈጃል። በሩ ተዘግቶ፣ ምግብ በሌላ ሰው እጅ እየቀረበ፣ ከሌሊት እስከ ማታ ተቀምጠው ልባቸውን ያሠለጥናሉ።

የዋልድባን ወይም የጣና ደሴቶችን መናንያን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ ብዙ አይደንቀውም። በኣት መዝጋት የእኛም ነው። መነኩሴ ያልሆነው ሰው እንኳ ሱባዔ አለው። በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ደብረ ታቦርም ሆነ ጋይንት ወይም እስቴ ብትሄዱ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሱባዔተኛ ይሞላል። አዛውንት እናት ቤታቸውን ለልጅ ትተው፣ ጥሬ ቋጥረው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቅጥሩ ሥር ይሰፍራሉ። ሌሊት ኪዳን፣ ቀን የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ፣ ከዚያ ቅዳሴ፤ ከሰዓት በኋላ ሲቀመስ ደግሞ ሽምብራና ጠበል። ዝናቡ ሲመታ ሁሉም ወደ ደጀ ሰላሙ ይጠጋል። መቁጠሪያው 41 እያለ እግዚኦታው ይደጋገማል። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ስለ ማን ነው የሚለምኑት ብሎ ላዳመጠ ሰው፣ የራሳቸው ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ሀገር፣ ከዚያ ዝናብና እህል፣ ከዚያ የታመመ ጎረቤት፣ ስደት የወጣ ልጅ፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ያስቀየመ ሰው ስም በለሆሳስ ይጠራል።

ያስቀየመውን ሰው መጥራት ነው አስቸጋሪው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስሪላንካ ቡድሃጎሳ የሚባል ሊቅ የጻፈው የማሰላሰያ መመሪያ እዚህ ላይ ረቂቅ ነው። መጽሐፉ የማሃያና ሳይሆን የሌላኛው ወገን ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ይጠቅማል። ሱባዔተኛው መልካም ምኞቱን ከራሱ ይጀምራል። ቀጥሎ ወደሚወደው ሰው፣ ከዚያ ወደማያውቀው፣ በመጨረሻ ወደ ጠላቱ ያሻግረዋል። ጠላቱ ላይ ሲደርስ ቁጣ ከተነሣበት ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ለመሆኑ መድረሱ በምን ይታወቃል? ሊቁ ለዚህ የፈተና ታሪክ አለው። አራታችሁ፣ ማለትም አንተ፣ ወዳጅህ፣ የማታውቀው ሰውና ጠላትህ፣ አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ ሳለ ሽፍቶች መጥተው ከመካከላችሁ አንዱን የምናርደው ሰው ስጡን አሉ እንበል። ጠላቴን ውሰዱ ያለ ወድቋል፤ ይህስ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሦስቱን ተዉና እኔን ውሰዱ ያለውም ወድቋል። በራሱና በሌሎቹ መካከል ያለው አጥር የፈረሰለት ሰው ከአራቱ አንድም የሚሰጥ አይታየውም።

ሽፍታ በማያልቅበት በጎንደር ደጋ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። እኛ ዘንድ እኔን ውሰዱ ያለው ሰው ጀግና ተብሎ ቀረርቶ ይወጣለታል፤ ሊቁ ግን እሱንም አይቀበለውም። ራስን መስጠትም አንዳንዴ ከሌላው ተለይቶ የመታየት ምኞት አለበት ማለቱ ይሆን? የክርስቶስ ሠምራ ልመና በዚህ መመዘኛ ሲታይ ከፍታው ይገባናል። ከእሷ ዝርዝር የሚወጣ አልነበረም፤ ዲያብሎስም ቢሆን።

የሚገርመው ደግሞ ማሃያናዎችም ሲኦል የወረደች ሴት አለቻቸው። ክሺቲጋርባ የሚሉት ቦዲሳትቫ አለ፤ ጃፓኖች ጂዞ ይሉታል፣ በየመንገዱ ዳርና በየመቃብሩ ሐውልቱን ያቆሙለታል። የእሱ ስእለት ሲኦል ባዶ ሳይሆን ቡድሃ አልሆንም የሚል ነው። መጽሐፋቸው ሲተርክ በቀድሞ ሕይወቱ አንዲት ልጃገረድ ነበረ። እናቷ በክፋት ኖራ ሞተችባት። ልጅቱ ያላትን ሸጣ ስለ እናቷ መሥዋዕት አቀረበች፤ በማሰላሰል ላይ ሳለችም ራሷን በሲኦል ዳርቻ አገኘችው። የእናቷን ነገር የሲኦሉን ዘበኛ ስትጠይቀው እናትሽ በአንቺ ምግባር ወጥታለች፣ በዚያው ቀን እዚያ የነበሩትም ሁሉ አብረዋት ወጥተዋል አላት። ስለ አንዲት እናት የገባች ሴት ልጅ ብዙዎችን ስታስወጣ፣ ስለ አንድ ዲያብሎስ የገባች እናት ደግሞ እልፍ ነፍሳትን ስታስወጣ እናያለን።

ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ከሌላው ቀዳ ለማለት መቸኰል ስሕተት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ቀላል አይደለም። ቡድሂስቱ የሚለምነው ፈጣሪ የለውም፤ ርኅራኄ ለእሱ በልምምድ የሚሠለጥን የልብ ችሎታ ነው። የጓንጉቷ እናት ግን የቆመችው በአንድ ጌታ ፊት ነው፤ የሄደችው እሱ ፈቅዶላት፣ የተመለሰችው መልአኩ አውጥቷት ነው። በራሷ ጉልበት የሆነ ነገር የለም። ሁለቱን አንድ ናቸው የሚል ጸሐፊ ሁለቱንም አላነበበም።

ይሁንና የቡድሃ የራሱ ታሪክ ሳይታወቀን ወደ እኛ የመጣበት አንድ መንገድ አለ። በዚህ መንገድ ታሪኩን ያመጡልን ሰው ከየመን የመጡት እጨጌ ዕንባቆም ናቸው። በእስልምና ተወልደው ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ በኋላ ክርስትናን ተቀብለው መነኰሱ፤ በትምህርታቸው ከፍ ብለውም በደብረ ሊባኖስ የተክለ ሃይማኖት ወንበር ላይ ተቀመጡ። የኢማም አህመድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1531 ደብረ ሊባኖስን ሲያቃጥል ዘመናቸው ነበር። አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፋቸውን የጻፉትም ለዚያው ለኢማሙ ነው። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1543 ከጣና በስተ ምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ አበቃ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ ሀገሩ ገና ከአመዱ ሳይነሣ፣ ለዐፄ ገላውዴዎስ አንድ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። ስሙ በረላምና ይዋሰፍ ነው።

ታሪኩ ይህ ነው። አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጁ ክርስቲያን ይሆናል የሚል ትንቢት ሰምቶ በቤተ መንግሥት አጥሮ ያሳድገዋል፤ በሽታና እርጅና እንዳያይ ይከለክለዋል። ልጁ አንድ ቀን ወጥቶ ሕመምተኛ አየ፣ ሽማግሌ አየ፣ ሞት እንዳለ ሰማ፤ ዕረፍት አጣ። በረላም የሚባል መናኝ ዕንቁ ነጋዴ መስሎ ገብቶ ያስተምረዋል። ልጁም አባቱን ከመለሰ በኋላ ዙፋኑን ትቶ ወደ በረሃ ይሄዳል። የቡድሃን ልጅነት የሚያውቅ ሰው ልዑል ሲድሃርታን ወዲያው ይለየዋል። ታሪኩ ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከዚያ ወደ ዐረብኛ ሲገባ ልዑሉ የሚጠራበት ቦዲሳትቫ የሚለው መጠሪያ ቡዳሳፍ ሆነ፤ በዐረብኛ አጻጻፍ ነጥብ ሲዛባ ደግሞ ዩዳሳፍ ተባለ። በጆርጂያና በግሪክ አልፎ ክርስቲያን ሆኖ አውሮፓን አዳረሰ፤ የሮም ቤተ ክርስቲያንም ቅዱሳን ብላ በዓል ሠራችላቸው። ወደ እኛ ሲደርስ ይዋሰፍ ሆኖ ነበር። የእኛ መነኰሳት በእርሱ ምናኔ ራሳቸውን ሲያጽናኑ መጽሐፉ የማን ታሪክ መሆኑን አላወቁም። እንግሊዛዊው ሊቅ ባጅ እ.ኤ.አ. በ1923 የግእዙን መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር አሳትሟል።

ዕንባቆም ከብዙ መጽሐፍ መካከል ይህን የመረጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሀገር በእልቂት ደክሞ ሳለ፣ ሰይፍ የሚያስጥልና ዙፋን የሚያስንቅ ታሪክ ለአንድ ተዋጊ ንጉሥ ማቅረብ ራሱ ምክር ነው። ገላውዴዎስ ግን ምክሩን ለመፈጸም ጊዜ አላገኙም፤ እ.ኤ.አ. በ1559 በጦር ሜዳ ወደቁ።

ወደ ደራ እንመለስ። ከጓንጉት ሌላ በዚያው በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ቋራጣ አለች፤ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም የሚጠራባት። እሷ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አልቀበልም ብላ ተሰደደች፤ እ.ኤ.አ. በ1642 ዐረፈች፤ ገድሏ በ1672 ተጻፈ። ብቻዬን ልኑር ባለች ቁጥር ተከታይ ይበዛባት ነበር። መጨረሻዋም የብቻ በኣት ሳይሆን ማኅበር ማስተዳደር ሆነ። ጴጥሮስ ያሰበው ዳስ ለእሷም አልተሠራላትም።

ርኅራኄ በዚህ ደጋ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ግን የቅዱሳንን ገድል ብቻ መያዝ የለበትም። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ጋይንት ሲዘለቅ የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያዋ ዙር አባ አሉ። ከየአውራጃው የመጣ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ይቆማል፤ ስለ ማርያም ይላል። ውሻው ይጮኻል፤ ተማሪው በዱላው እየተከላከለ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ባለቤቲቱ ከሌማቷ ቁራሽ አንሥታ ትወጣለች። ያላት ቆሎ ከሆነ ቆሎ፣ ከሌላት እግዜር ይስጥልኝ ትለዋለች። የቡድሃ መነኰሳትም በታይላንድና በስሪላንካ ጎሕ ሲቀድ ሳሕናቸውን ይዘው በየደጁ እንዲሁ ይሄዳሉ። ልዩነቱ የእነሱ ሳይናገሩ ማለፋቸው ነው፤ የእኛ ተማሪ ዝም ቢል ውሻው ብቻ ነበር የሚሰማው። በክረምት፣ እህል በሚያልቅበት በሐምሌና በነሐሴ ያንን ቁራሽ የምታወጣው የጋይንት ገበሬ ሚስት ማንም ገድል አይጽፍላትም። የአብነት ትምህርቱ ግን ለዘመናት የቆመው በእሷ እጅ ነው።

የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ዓመታዊ በዓል ነሐሴ 24 ቀን ነው፤ ከደብረ ታቦር በዓል በ11ኛው ቀን። ወደ ጓንጉት ለመሳለም የሚያስብ ሰው ክረምቱ ስለማይለቅ ለጭቃ የሚሆን ጫማ ያስፈልገዋል። ከመንገድ ስንቁ ጋርም ለአብነት ተማሪ የሚሆን አንድ ቁና ጥሬ ይጨምር፤ የሐምሌና የነሐሴ አኩፋዳ ቀላል ነው።